ከበሮው ሲቆም ያጨበጨበችው እናቴ

የእህቴ የጥሩዘር ሠርግ ቀን ዳሱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እናቴ፣ ሙሽራዋ፣ አክስቴ እንዬ፣ ጎረቤታችን አባ ዋሴ፣ ከዳንግላ የመጣው ዲጄ ደሳለኝ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ እኔ፣ ከዚያ ደግሞ ጠላውን ቀድመው የቀመሱ የሰፈር ሰዎች። አባቴ አልነበረም፤ ካረፈ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ላይ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። በአንድ እጄ ልጄን፣ በሌላው የባጃጁን ብረት ጨብጬ፣ ሾፌሩን በየኩርባው "ቀስ በል ወንድሜ" እያልኩ ስሄድ ያ የፈረንጅ ዘፈን ተከፈተ። ከበሮው ዱም ዱም ሲል ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለና ዘፋኟ ሴት ብቻዋን ከፒያኖው ጋር ቀረች። ያን ጊዜ ሳላስበው ብረቱንም ልጄንም ለቅቄ አጨበጨብኩ። ልጄ አፈረችብኝ።

ያኔ ቤታችን አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ነበር፤ ዳሱንም የሠራነው ለከሰል ከምንተክለው የዲከረንስ ዛፍ ቆርጠን ስለነበር ቅጠሉ ገና አልጠወለገም፣ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እናቴ ጥግ ላይ ከሏን እንደለበሰች ተቀምጣለች። ሽማግሌ ቢለምናት አላወለቀችም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ በማንም ሠርግ እጇን አጨብጭባ፣ እልል ብላ አታውቅም። ጥሩዘር ደግሞ ከማለዳው ጀምራ "እማዬ እልል ካላለችልኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ ተቀምጣለች።

"አትውጪ፤ ሙሽራውም እዚሁ ይቅርና ውሃ ይቅዳልኝ" አለቻት እናቴ። ሰው ሳቀ፤ ጥሩዘር ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ መሃላቸው ቆሜ አንዴ እናቴን አንዴ እህቴን አያለሁ፤ ያኔም ፈሪ ነበርኩ።

ደሳለኝ ጀነሬተሩን ከጓሮ አስነስቶ፣ ሁለቱን ሞንታርቦ ዳሱ በር ላይ ካቆመ በኋላ ላብ አጠመቀው። የመጣበት ጋሪ አንገጫግጮት ይሁን ሌላ፣ ፍላሹ ውስጥ ያለው የሠርግ ዘፈን ሁሉ አልከፈት አለ። የሙሽራው አጃቢዎች ከጥርባ በኩል በፈረስ መጥተው ጉብታው ላይ ብቅ ሲሉ አንድ የፈረንጅ ዘፈን ብቻ ተከፈተለት።

"አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሞንታርቦ የጫንከው ለዚህ ለፈረንጅ ነው?" አለችው እንዬ።

"እትዬ፣ ይሄ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ዓለምን ሲያስጨፍር የኖረ ነው። ሃውስ የሚሉት የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ብቻ ትከሻዎን ይስጡት።"

መጀመሪያ ትከሻውን የሰጠው አባ ዋሴ ነው። ከበሮው እንደሚሰግር ፈረስ አንድ ልክ ይሄዳልና ለእስክስታ አላስቸገረም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ቃሉ ዛሬም አይገባኝም፤ የሴቲቱ ድምፅ ግን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ፣ ከፍ እያለ ሰውን ሁሉ ይዞት ሄደ።

ከዚያ ከበሮው ቆመ። ሴቲቱም ድምጿን ዝቅ አደረገች። ዘፈኑ እንዲያ ተደርጎ እንደተሠራ ማን ያውቃል? እናቴ የጀነሬተሩ ቤንዚን እያለቀ መሰላት። ፈረሶቹ አጥራችን ሥር ደርሰዋል፤ አጃቢው ጸጥ ያለ ዳስ ካገኘ "ይሄ ቤት አሁንም ለቅሶ ላይ ነው" ሊል ነው። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ከሏን እንደለበሰች፣ ማጨብጨብ ጀመረች። እንዬ ተከተለቻት፤ ዳሱ በሙሉ ተከተለ። እናቴ አንገቷን ቀና አድርጋ እልል አለች፤ ሦስት ዓመት የታፈነ እልልታ። ልክ በዚያች ቅጽበት ከበሮው ተመልሶ በጭብጨባው ላይ ወረደ።

ጥሩዘር እናቴ እግር ላይ ወድቃ ጉልበቷን ሳመች፤ እናቴ አነሣቻትና ራሷ እጇን ይዛ አወጣቻት። ደሳለኝ ዘፈኑን እስኪመሽ መላልሶ ከፈተው፤ ከበሮው በቆመ ቁጥርም በጭብጨባ ሞላንለት። እናቴ ከሏን በሳምንቱ አወለቀች።

ዛሬ እንዬና አባ ዋሴ የሉም፤ ዳሱ የነበረበት ቦታ ላይም የሌላ ሰው ቤት ተሠርቷል። ዘፈኑ ግን አላረጀም፤ በአካባቢው ሠርግ ላይ ሲከፈት፣ ያን ቀን ያልነበሩ ሴቶች ጭምር ከበሮው ሲቆም ያጨበጭባሉ። እናቴ ደህና ናት፣ ባለፈው ሠርግም ከሁሉ ቀድማ ተነሥታለች። ደሳለኝ ግን በወጉ ሳናመሰግነው ሄደ፤ ዳንግላ ሄጄ ብጠይቅ ሙዚቃ ቤቱን ዘግቶ ከከተማው ወጥቷል አሉኝ። ያለበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።