የአባቷ ስልክ

ደብረ ታቦር ለትምህርት በገባሁ ዓመት ዶርም አብራኝ የተመደበችው ልጅ ከእብናት ነበረች። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። የጉና ብርድ ሁለታችንንም ስላንዘፈዘፈን በመጀመሪያው ሳምንት ብርድ ልብሳችንን ደርበን አንድ አልጋ ላይ መተኛት ጀመርን። ከዚያ ወዲያ ክፍልም፣ ካፌም፣ ቤተ ክርስቲያንም አብረን ሆንን። ሦስተኛዋ የዶርማችን ልጅ «መንትዮቹ» ትለን ነበር።

አባቷ ገበሬ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውሉላታል። ስልክ ለእሳቸው ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደ መጥራት ነበር። «ሃሎ! አለሽ ወይ? ላሟ ወለደች! እህል ትበያለሽ ወይ?» ሲሉ ኮሪደሩ ሁሉ ይሰማል። እሷ ፊቷ በርቶ «አቤት አባዬ!» ትላለች።

እኔ ደግሞ ሰው ማሳቅ እወድ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ዶርም ልጆች መጥተው ሳለ ነጠላ ጫማዬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አባቷን ሆንኩ። ልጆቹ አልጋ ላይ ተንከባለሉ። ሳቁ ሲጥመኝ ያላሉትን ጨመርኩ፤ «ሃሎ! በሬው ሰላም ብሎሻል!» ድንገት ሁሉም ወደ በሩ አዩ። ዞር ስል በባልዲ የታጠበ ልብስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ቀልድ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» ብላ ባልዲውን አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ በአልጋዎቻችን መሀል ሻሽ ወጥራ ጋረደች። ወሬያችን ሁሉ በሦስተኛዋ ልጅ በኩል ሆነ። «መስኮቱን ትዝጋው በያት።» «ራሷ ትዝጋው በያት።» ምስኪኗ «እኔ እዚህ የመጣሁት ለአስተርጓሚነት ነው እንዴ?» እያለች ራሷ ትዘጋዋለች። አባቷ ሲደውሉ ስልኩን ይዛ ወደ ውጭ መሮጥ ጀመረች። ይህን እያየሁ እንኳ «በቀልድ ያኮረፈችው እሷ ናት» እያልኩ ይቅርታውን ነገ ዛሬ ስል ከረምኩ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አባቷ በድንገት ሞቱ። ከሦስተኛዋ ልጅ ጋር በሚኒባስ ተሳፍረን እብናት ለቅሶ ደረስን። እናቷ ከድንኳኑ ውስጥ ብድግ አሉና «የባሕር ዳሯ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። «እሱ እኮ ስልኩን በዘጋ ቁጥር ‹ጓደኛዋም ደህና ናት› ይለኝ ነበር። ብቻዋን አይደለችም እያለ ነው የኖረው፣ ልጄ።»

መጣላታችንን አልነገረቻቸውም። ቀና ብዬ ባያት ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ስንሄድ እስከ መንገዱ ሸኘችን። «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እኔንማ ምን አደረግሽኝ?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «የሳቅሽው በእሱ ነው።» ከዚያ ወደ ሚኒባሱ አየች። «በሉ ግቡ፣ እንዳያመልጣችሁ።»

ከሐዘን ስትመለስ ሌላ ዶርም ጠይቃ ተዛወረች። ግቢ ውስጥ ስንተያይ ስለ ፈተና እንጠያየቃለን፤ ከዚያ አያልፍም። በተመረቅን ቀን እናቷ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁመው ፎቶ አስነሱን። እሷም እናቷ እያዩ እጄን ያዘችኝ። ፎቶው እንዳለቀ ለቀቀችኝ።