ላልወረደ ውሃ የሰጠሁት ምስክርነት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያፈረስኩትን ጾም ሁሉ ስናዘዝ ኖሬ፣ እዚች ላይ ስደርስ ምላሴን እሰበስባለሁ። የቀድሞ መንደሬ ሰው ያውቀዋል፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም። ለአንተ የምነግርህ ስለማላውቅህና ፊትህን ስለማላይ ነው። እንድታዝንልኝ አይደለም። አትዘንልኝ።

በሕዝብ ፊት ቆሜ ዋሽቻለሁ። ያልወረደውን ውሃ ወርዷል ብዬ መስክሬያለሁ። እውነቱን የተናገረችውን ሴት ውሸታም አድርጌያታለሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ያኔ የምኖረው ከደብረ ታቦር በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ገጠር፣ ከቀበሌው መንደሮች ሁሉ በላይኛው ነበር። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለተማርኩ የሴቶች ተጠሪ አደረጉኝ። የመንግሥት ገንዘብ አያያዝ ይሻሻላል፣ ከእንግዲህ ተጠያቂነት ይኖራል የተባለበት ጊዜ ነው። ከየቀበሌው ሰው መርጠው ከተማ አስገቡንና አሠለጠኑን። ምሳ አበሉን፣ አበል ሰጡን፣ “ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ ምን ላይ እንደዋለ ጠይቁ” አሉን። የወረዳው በጀት በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማንበብ ለማይችለው የማነበው እኔ ነበርኩ። ይህን ያህል ለጤና ኬላ፣ ይህን ያህል ለጠጠር መንገድ እያልኩ በጣቴ ሳሳይ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሽማግሌዎች ጸጥ ብለው ይሰሙኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ እኔን ማን ሰምቶኝ ያውቃል?

በዚያ ወረቀት ላይ የእኛ መንደር ምንጭ ጎልብቶ፣ ቦኖ ተሠርቶ፣ ሥራው ተጠናቋል ይል ነበር። ቦኖው ተሠርቷል። ሲሚንቶው ቆሟል፣ መክፈቻው ፀሐይ ሲያርፍበት ያብረቀርቃል። ከምንጩ እስከ ቦኖው መዘርጋት የነበረበት ቧንቧ ግን የለም። ገንዘቡ ማን ኪስ እንደገባ አላውቅም፤ የማውቀው አንድም ቀን ጠብታ እንዳልወረደበት ነው። ፍየሎች ጎናቸውን ያኩበት ነበር። ሴቶቹ እንደ ድሮው ጀሪካን አዝለን፣ ገደሉን ወርደን፣ ከወንዝ እንቀዳ ነበር። ሴቶቹ ስል እኔንም ጨምሮ ነው።

ደብሬ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበረች። ቂም ይዤባት ነበር። ከባሌ ስፋታ፣ ንብረት ሊያካፍሉን የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንደኛው በሬ የማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ አብረን ያፈራነው ነው አልኩ። ደብሬን ጠሯት። “በሬውስ ይቺን አንጓችን ሳያገባ የነበረው ነው። ጥጃ ሳለ አውቀዋለሁ” አለች። እውነቷን ነው፤ በሬው የእሱ ነበር። እሱ በሬውን ነድቶ ሄደ፤ እኔ መሬቴን የእኩል የሚያርስልኝ ሰው ደጅ ስጠና፣ ስለማመጥ፣ ደብሬን ስረግም ኖርኩ። ሴት ሆና እንዴት ለሴት አታዝንም? እውነት የተናገረ ሰው እንዴት ይጠላል ትለኝ ይሆናል። ይጠላል። በደንብ አድርጎ ነው የሚጠላ።

ሕዝቡ ስለ በጀቱ የሚጠይቅበት ስብሰባ ደረሰ። ኃላፊዎች በገበሬ ፊት ተቀምጠው መልስ ሊሰጡ ነው ተባለ። እንዴት ይሠራ እንደነበር ልንገርህ። ጥያቄው አስቀድሞ ይታደላል። አቶ ስንሻው የሚባል የወረዳ ኃላፊ ማለዳ የቀበሌው ቢሮ ሰበሰበንና አከፋፈለን።

“አባባ፣ እርስዎ የመንገዱን ይጠይቃሉ። መጀመሪያ አመስግነው። አንተ የጤና ኬላውን። ከዚህ የወጣ እንዳይነሣ፣ ሰዓት የለንም።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “እትዬ አንጓች፣ አንቺ ጥያቄ የለሽም። የውሃው ነገር ከተነሣ ትመልሺልኛለሽ። ከእኔ አፍ ሲሰሙትና ካንቺ አፍ ሲሰሙት አንድ አይደለም።”

“ውሃው እኮ አልወረደም” አልኩት።

“ይወርዳላ! አሁን ስማችን ከጠፋ ግን የከርሞውም በጀት ይቀራል። ያኔ መንደሩ ማንን የሚረግም ይመስልሻል?”

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር። አስፈራራኝ ብልህ ታምነኛለህ፣ ነገሩም ቀለል ይልልኛል። አልልህም። ከቢሮው ስወጣ ገና አልቆረጥኩም ነበር። ዝም ማለት እችል ነበር። ያስቆረጠኝ ደብሬ መነሣቷ ነው።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። የታደሉት ጥያቄዎች ተጠይቀው፣ መልሳቸው ተሰጥቶ፣ ሊበተን ሲል ማንም ጥያቄ ያላደላት ደብሬ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

“እኔ ማንበብ አልችልም። አንጓች ስታነብ ግን ሰምቻለሁ። የእኛ ቦኖ አልቋል ይላል ብላለች። እንግዲህ ወይ እኔ ታውሬያለሁ፣ ወይ ወረቀቱ ሰክሯል። ከእናንተ አንዱ አብሮኝ ይውጣና ከቦኖው አንድ ጣሳ ቀድቶ ያጠጣኝ። ከዚያ ወዲያ አፌን እዘጋለሁ።”

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ሽማግሌ “ወረቀቱ ሰክሯል!” እያሉ ጭናቸውን መቱ። አቶ ስንሻው አልሳቀም። ወደ እኔ ተመለከተ።

ተነሣሁ።

“ውሃው ወርዷል” አልኩ። “ትናንት ጠዋት በዚህ እጄ ቀድቻለሁ። ወይዘሮ ደብሬ የሰው ስም ማጥፋት ልማዷ ነው። ልማት ሲመጣ ዓይኗ ይቀላል።”

ሕዝቡ እንደገና ሳቀ፤ አሁን በእሷ ላይ። አብዛኛው የታችኞቹ መንደሮች ሰው ነው፤ ቦኖውን አላየም። ደብሬ ዞር ብላ “አንጓች፣ እስቲ እኔን እያየሽ በይው” አለችኝ። እያየኋት ደገምኩት። ስደግመው በሬው ከግቢዬ ሲወጣ ይታየኝ ነበር። ጣፈጠኝ። ኃጢአቴ መዋሸቴ ብቻ አይደለም፤ መጣፈጡ ነው።

የመንደሬ ወንዶችስ? እነሱም እዚያው ነበሩ። ሚስቶቻቸው ጀሪካን ተሸክመው ገደል የሚወጡ ወንዶች መሬት መሬት እያዩ በበትራቸው አፈር ይጭሩ ነበር። የማዳበሪያ መታደያ ሰሞን ነበርና ከወረዳ ሰው ጋር መጣላት ማንም አልፈለገም። ዛሬ ለንግሥ ወደ መንደር ስወጣ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ፊታቸውን የሚያዞሩት እነዚያው ናቸው። ያዙሩ። እኔ አፌን ከፍቼ ዋሸሁ፣ እነሱ ዘግተው ዋሹ። የእኔን ግን የእነሱ አያቀልልኝም።

በቃለ ጉባኤው ላይ “ኅብረተሰቡ አገልግሎት እያገኘ መሆኑን አረጋግጧል” ተብሎ ተጻፈ። ኅብረተሰቡ ማለት እኔ ነበርኩ።

ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ይብሳል። በዓመቱ አንዲት ኦዲተር መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ የከተማ ጫማ አድርጋለች። ላይኛው መንደር ድረስ ዳገት ነው። ቃለ ጉባኤውን አንብባ እኔን አስጠራችኝና “እናቴ፣ እንግዲህ ውሃው ይወርዳል?” አለችኝ። አቶ ስንሻው በቦታው አልነበረም። ደብሬም አልነበረችም። የሚያየኝ፣ የሚያስፈራራኝ፣ የምበቀለው ሰው አልነበረም። “ይወርዳል” አልኳት። ለምን? ያልኩትን ላለመዋጥ። አመስግናኝ ሄደች። የእኔ ቃል ደረሰኝ ሆነና ማንም ዳገቱን ሳይወጣ ሒሳቡ ተዘጋ። ለመጠየቅ የተሰጠኝን አፍ እኔ ለተጠያቂ አዋስኩት።

ደብሬን ሴቶች ከቁጠባ ማኅበራቸው አስወጧት። እኔ ነኝ ያስወጣኋት፤ ሴቶች ብዬ ልደበቅ አልፈልግም። ልጆች መንገድ ላይ “ጣሳ አምጡላት!” እያሉ ይከተሏት ነበር። ባንድ ክረምት ጀሪካን እንዳዘለች የገደሉ መንገድ አንሸራቶ ጣላት። ወጌሻ ቢያሻትም እጇ እንደተጣመመ ቀረ። ውሃው ቢወርድ ኖሮ እዚያ መንገድ ላይ ምን ታደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ከራሴ ጋር ስታገልበት ኖሬያለሁ። መልሱ ግን አንድ ነው።

አሁን ደብረ ታቦር ልጄ ቤት ነኝ። ውሃ በፈረቃ ቢሆንም ግቢ ውስጥ ይመጣል። አንድ ቀን ልጄ፣ መሥሪያ ቤቷ ሥልጠና ልኳት ውላ ስትመለስ፣ ስለ ተጠያቂነት ያስተማራቸውን ሰው እያደነቀች ነገረችኝ። አቶ ስንሻው ነው። አድጓል፤ ሥልጠና ይሰጣል። በማግስቱ ተነሥቼ ወረዳው ቢሮ ሄድኩና ያገኘሁትን ልጅ እግር ሠራተኛ “የመሰከርኩት ውሸት ነው፣ ጻፈው” አልኩት። ወንበር ሰጠኝ። ከልቡ አዳመጠኝ።

“እማማ፣ ያ በጀት ዓመት እኮ ተዘግቷል” አለኝ።

“ቦኖውም እንደተዘጋ ነው” አልኩት።

“እሱን አዲስ ጥያቄ ብለው በቀበሌ በኩል ያቅርቡ።”

ከዚያ መንደር ወጥቼ ደብሬ ቤት ሄድኩ። ወፍራለች፣ አርጅታለች። በደህናው እጇ ምስር ትለቅም ነበር። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት አስቆመችኝ።

“እዚህ አትበይኝ፣ አንጓች። ብቻዬን ስሆን አይደለም የዋሸሽብኝ። በሰው ፊት ያልሽውን በሰው ፊት መልሺ።”

“ያ ስብሰባ ቀርቷል። የት ልበለው?”

“እኔን ለማዋረድ ቦታ አላጣሽም። ለዚህም አታጪም።” ምስሯን መልቀም ቀጠለች። አንዲት የልጅ ልጇ ጀሪካን ይዛ በአጠገቤ አልፋ ወደ ገደሉ ወረደች።

ተናድጄ ተመለስኩ። ዛሬም ትክክል ሆና አገኘኋት፤ ዛሬም ጠላኋት። ግን ትክክል ናት። ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ሁሉ፣ በሰው ፊት እላለሁ።

አንጓች እባላለሁ። የላይኛው መንደር ቦኖ አንድም ቀን ውሃ ወርዶበት አያውቅም፤ ዛሬም አይወርድበትም። ትናንት ጠዋት ቀድቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ለኦዲተሯ ያልኩትም ውሸት ነው። ደብሬ እውነቷን ነበር። እኔ አውቄ ዋሸሁ። ይቅርታውን ከአንተ አልፈልግም፤ ገደሉን የምትወርደው አንተ አይደለህም።