ጡሩንባ አልነፋ ያለው የጋሽ ሰይድ ባቡር

ያለፈው ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ገና መኪናዬ ውስጥ ከመግባቴ ስልኬ ጮኸ... ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። ሰላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ቤዝመንታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ ባቡር ይነዳሉ።

«ልጄ፣ ነገ ተራዬ ነው። የባቡሩ ሆርን እምቢ አለኝ። አንቺ ኮምፒውተር ታውቂ የለ፣ ነይልኝ።»

ኮምፒውተር አውቃለሁ ማለት... ሆስፒታል ውስጥ ፓስወርድ ለረሱ ነርሶች አዲስ ፓስወርድ እሰጣለሁ። ሲያትል ውስጥ ግን አንድ ሐበሻ «አይቲ ነው የምሠራው» ብሎ አንዴ ካመለጠው አለቀለት። የሰው ፕሪንተር፣ የሰው ቲቪ፣ አሁን ደግሞ ባቡር።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ኖርዝጌት አካባቢ የትንንሽ ባቡር ወዳጆች ማኅበር አለ። ጋሽ ሰይድ እዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ሲደረድሩ ኖረው፣ በሕዝብ ፊት የራሳቸውን ባቡር እንዲነዱ ተራ የደረሳቸው ገና አሁን ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ባቡሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጡሩንባ፣ ዋሻው ጋ ሲደርስ መብራት። ካልሠራ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል።

«ካልሆነ ይቅር፤ እነሱ ፊት አላፍርም» አሉኝ ደረጃውን ስንወርድ። አንጀቴን በሉት።

ባቡሩ አካሄዱ ሸጋ ነው። ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል። ጡሩንባውና መብራቱ ግን ሲያሻቸው ይታዘዛሉ፣ ሲያሻቸው ይዘጋሉ። ስልኬ ላይ ሳነብ ሳነብ ቆይቼ ገባኝ። የፍጥነት ትዕዛዝ ያለማቋረጥ ይደጋገማል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይደርሳል። የጡሩንባና የመብራት ትዕዛዝ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚላከው። ሐዲዱ ከቆሸሸ ያችው አንዷ መንገድ ላይ ትቀራለች። ሐዲዱን ጥርግ አድርጌ ወለወልኩ፣ ኮምፒውተሩም ትዕዛዙን ሁለት ሁለቴ እንዲልክ አደረግኩ። ትንሽ ኮራ አልኩ እንኳን።

ባቡሩ ድልድዩ ጋ ደረሰ... «ጡ» አለና ተቆረጠ። ዋሻው ጋ መብራቱ ብልጭ አለና ጠፋ።

«ሶ ኮምፒውተሩ ሰንድ አድርጓል፣ ባቡሩ ግን ሪሲቭ አላደረገም?»

«ሪሲቭማ አድርጓል ጋሼ... ወዲያው ግን ይተወዋል።»

«ሰው ነው እንዴ?»

ገመድ ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ሥራ ቦታ ዋናው ሕክምናችን እሱ ነው። ያላነበብኩት ነገር፣ ያልነካሁት ቁልፍ የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያው ነው... «ጡ»። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ከተው አጠገቤ ቆመዋል። «አይዞሽ» ይሉኛል። አይዞሽ ባሉኝ ቁጥር ማልቀስ አማረኝ።

የአስር ሰላት ደረሰና ሊሰግዱ ወደ ላይ ወጡ። ብቻዬን ባቡሩን ለቀቅኩት። ነፋ። መብራቱም በራ። ደገምኩት፣ ነፋ። ስምንት ዙር ዞሮ አንዴም አልሳተም። ዱዓቸው ነው ብዬ ከልቤ አመንኩ። ሲመለሱ «ጋሼ፣ ተስተካክሏል» ብዬ በደስታ ለቀቅኩት... «ጡ» አለና ተቆረጠ።

ያኔ ነው ያየሁት። ኪሳቸው ውስጥ አውራ ጣታቸው ተንቀሳቀሰች። ለካ ባቡሩን በእጅ የሚያዙበት ሪሞት እዚያ ነው ያለው። ቁልፉ ደግሞ አንዴ ሲጫኑት የሚያበራ፣ ደግመው ሲጫኑት የሚያጠፋ ነው። ኮምፒውተሩ መንፋት ሲጀምር እሳቸው ይጫናሉ... ይጠፋል።

አሁን ምን ይባላል? የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ፣ በገዛ ቤታቸው፣ «የሚያበላሹት እርስዎ ነዎት» ይባላል? ካፈሩ ነገ እንደማይሄዱ አውቃለሁ። በሽታውን አውቄ፣ መድኃኒቱንም አውቄ፣ እጄን አጣምሬ ቀረሁ። «ነገ እናየዋለን» ብዬ ሹልክ አልኩ። እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ኖርዝጌት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ጋሽ ሰይድ ክራቫት አስረዋል። ተራቸው ሊደርስ ሲል እንደምንም ደፍሬ «ጋሼ፣ ሪሞቱን ይስጡኝ እስቲ፣ ባትሪ ድንጋዩን ቼክ ላድርግልዎት» አልኳቸው። አምነው ሰጡኝ። ዞር ብዬ ድንጋዮቹን አወጣሁና ባዶውን መለስኩላቸው። የሽማግሌ ኪስ እንደ ማውለቅ ነው የቆጠርኩት።

ባቡሩ ተነሣ። ድልድዩ ጋ... ነፋ፣ እስከ መጨረሻው። ዋሻው ጋ በራ። አራት ዙር አንዴም ሳይስት። ሰዉ አጨበጨበ። የማኅበሩ ሰብሳቢ መጥተው ጨበጧቸውና በየወሩ እንዲነዱ ጠየቋቸው።

ጋሽ ሰይድ ግን ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«ልጄ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ኮምፒውተርሽ አልሠራም። አንቺ እንዳታፍሪ ብዬ፣ ሪሞቱን ከኪሴ ሳላወጣ የነፋሁልሽ እኔ ነኝ። ትናንትማ ብረዳሽም አልሆን ብሎን ነበር፤ ዛሬ ግን ሰዓቷን ጠብቄ ተጫንኩት።»

«ይኑሩልኝ ጋሼ» አልኩ።

«ምንም አይደል። አሁንማ በየወሩ ነው፣ ብቻሽን አልተውሽም።»

ይኸው እንግዲህ... በየወሩ ልረዳ ነው።