ለተማሪ ያጠረው ልቦለድ

አታሚው ከጠረጴዛው ኋላ ቆሟል፤ ሚስቱ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ነበረች፤ ድሮ አሥመራ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበሩት ሽማግሌ መስኮቱን ተደግፈዋል። እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። ቦታው ኦክላንድ ከተማ ውስጥ አማርኛ የሚታተምባት ጠባብ ሱቅ ናት።

ሄይዋርድ ከተማ መጋዘን ውስጥ እየሠራሁ፣ በዕረፍት ቀኔ አንድ የድሮ የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ልቦለድ መተርጎም አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። መጽሐፉ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ያነበብኩት፣ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ነው። ትርጉሙ ያን ቀን ማተሚያ ሊገባ ነበር።

«እማማ፣ ሌባው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና ልረፍ» አለኝ አታሚው።

«ገዝተህ አንብብ» አልኩት።

መምህሩ አልሳቁም። ትርጉሙን የጻፍኩባቸውን ደብተሮች እንዲያርሙልኝ ሰጥቻቸው ነበር። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱትን ወፍራም መጽሐፍ ከደብተሮቹ አጠገብ አስቀመጡ።

«እህቴ፣ ይህ መጀመሪያ በመጽሔት በየሳምንቱ ወጣ፤ ቀጥሎ በሦስት ቅጽ ታተመ። እርስዎ የተረጎሙት ግን ኋላ ለተማሪ ተብሎ ያጠረውን ነው። የሙሉውን ሩብ እንኳ አይሆንም።»

ወፍራሙን መጽሐፍ ገለጥኩት። የቤቱ ወጥ ሠሪ ብቻዋን የምትተርክበት ረጅም ክፍል አለ። ሌባውን በዓይኗ ያየችው እሷ ናት። በእኔ መጽሐፍ ወጥ ሠሪ የለችም።

«እማማ፣ ማን ቼክ ያደርጋል? እንዲሁ ይታተም» አለች የአታሚው ሚስት።

«አይሆንም» አልኩ። «እንደገና ልጀምር ብልም ዓይኔ አያደርሰኝም።»

ደብተሮቼን ሰብስቤ ወጣሁ።