ያልተቀየሩት የፊት መብራቶች

የቤት ዕቃ መሥሪያው ውስጥ «ለስላሳ» ነው የሚሏት። እጇ ያረፈበት ጠረጴዛ ሁሉ ስለሚለሰልስ የወጣላት ስም ነው እንጂ፣ ምላሷን ለስላሳ ነው ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሠላሳውን ያሳለፈችው እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትግ፣ ቫርኒሽ ስትቀባ፣ ደግሞ ስትፈትግ ነው።

ባሏ ሲሞት ሁለት ነገር ተረከበች፤ እናቱንና አሮጌ መኪናውን። አማቷ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። ባለታክሲዎች ገና ወንበሩን ሲያዩ «ሰው እየጠበቅሁ ነው» እያሉ ያልፏቸዋል። መኪናዋ ቆመች ማለት የአማቷ ሕክምና ቆመ ማለት ነው።

እና በዓመታዊው ምርመራ መኪናዋ ወደቀች። መርማሪው ፂሙ ገና ብቅ ብቅ የሚል ወጣት ነበር። የፊት መብራቱን በእስክሪብቶው ጫፍ ኳ ኳ አደረገና ፈገግ አለ። ሁለቱም ሽፋኖች ቢጫ ሆነው ከመደብዘዛቸው የተነሳ አምፖሉ ከውስጥ ይኑር አይኑር አይታወቅም።

«እናቴ፣ ይቺ ጡረታ መውጣት አለባት። መብራቶቹ ይቀየሩ። አሥራ አምስት ቀን አለዎት።»

«እናትህ አይደለሁም። ተራዋ ደርሶ የተጠራች ባለመኪና ነኝ» አለችና ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለች።

መለዋወጫ ሻጩ ገና የመኪናዋን ሞዴል ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሞዴሉ መመረት ካቆመ ቆይቷል። ያገለገለ ብሎ ከመደርደሪያ ያወረደላት ጥንድ ከራሷ መብራቶች የባሰ ደብዛዛ ሆኖ ተገኘ። አፍሮ መሰለኝ፣ «እስቲ የጥርስ ሳሙና ቀባ አድርጊበት» ብሎ ሸኛት። ቀባችው። እሑድ ፈካ፤ ረቡዕ ላይ ተመልሶ ቢጫ ሆነ።

ይህን የሰማ ታላቅ ወንድሟ በማግስቱ ከሰዓት መጣ። ምክር ብቻ አይደለም፣ ገዢም አግኝቶ ነው የመጣው።

«ሰውዬው ለብረቷ ይወስዳታል። ሽጪና ተገላገዪ። አሮጊቷንም ሴት ልጃቸው ትውሰዳቸው። ያንቺ ተራ አልፏል።»

«ጋሼ፣ ቀስ በል፤ ይሰማሉ።»

«ይስሙዋ!»

«ሰምቻለሁ» አሉ አማቷ ከበረንዳው። «የደከመው ኩላሊቴ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ለስላሳን ያን ጊዜ ነው የመረራት። «መኪናዋም አትሸጥም፣ እሳቸውም የትም አይሄዱም» አለች።

«አንቺ የምታውቂው እንጨት ነው! ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?»

ግቢው ውስጥ ወደቆመችው መኪና ሄደች። ጎንበስ ብላ የመብራቱን ሽፋን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫር አደረገችው። ጥፍሯ ሥር ቢጫ ብናኝ ቀረ። ይህን ያህል ዓመት መስታወት ሲመስላት የኖረው ነገር ፕላስቲክ ነበር። የሞተውም ፕላስቲኩ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው፣ ፀሐይ የጨረሰችው ስስ ልባስ ነው። ይህን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። ያረጀ ቫርኒሽ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ግቢው መሐል አቆመቻት። የመኪናው ቀለም እንዳይጫር በመብራቶቹ ዙሪያ ፕላስተር ለጠፈች፤ ባልዲ ውሃ አስጠጋችና ሻካራውን ወረቀት እያረጠበች ወደ ጎን ብቻ ትፈትግ ጀመር። ቢጫ ውሃ እየተንጠባጠበ ወረደ። ቢጫው ሲያልቅ ግን መብራቱ አልጠራም፤ ጭራሽ እንደ ወተት ነጣ። ወንድሟ በሩን ከፍቶ የገባው ልክ እዚህ ላይ ነበር።

«አበላሸሽው! አሁንማ ለብረት የሚወስዳትም አይገኝም!»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና? ዓይን የለሽም?»

«ተዋት እስቲ» አሉት አማቷ። «ዝም ብሎ መቆም ካቃተህ ውሃውን ቀይርላት።»

አልቀየረም። በሩን አላግቶ ወጣ።

እሷ ቀጠለች። ለስለስ ያለውን ወረቀት ወደ ላይና ወደ ታች፣ የመጀመሪያው ጭረት እስኪጠፋ። ከዚያ ከእሱም የላመውን፣ እንደገና ወደ ጎን። አውራ ጣቷ አብጦ ቆዳው ተላጠ። ወደ እኩለ ቀን ገደማ በጨርቅ አድርቃ ማወልወያ ስትቀባው ነጩ ቀስ በቀስ ተገፈፈና የአምፖሉ ቀጭን ሽቦ ሳይቀር ታየ። አማቷ አጨበጨቡ።

እርቃኑን ከተዉት ግን ፀሐይ በወራት ውስጥ መልሳ ታቃጥለዋለች። የእንጨት ቫርኒሽም ደጅ ሲውል እንደሚበልዝ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከሠፈሩ መኪና ቀቢ ፀሐይ የሚችል ጥርት ያለ ቅብ አምጥታ ቀባች። ቀኙ ሳይደርቅ አንዲት ትንኝ መጥታ ተለጠፈችበት።

«ተያት፣ ማን ያያታል?» አሉ አማቷ።

«እኔ አያታለሁ» አለችና ቀኙን እንደ አዲስ ከሻካራው ጀመረች።

ምርመራው ጋ የተቀበላት ያው ወጣት ነው።

«የተቀየሩበት ደረሰኝ የታለ?»

«አልተቀየሩም። ፋቅኋቸው።»

«የተፋቀ አንቀበልም።»

«የት ተጽፏል? አሳየኝና ልመለስ።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ክላክሳቸውን ማስጮህ ጀመሩ። ለስላሳ ሞተሩን አጠፋች፣ ቁልፉን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። «ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አላችሁ። አይበቃም ካለ ራሴ ገፍቼ አወጣታለሁ። አንተ አይበቃም ስላልከኝ ግን ንቅንቅ አልልም።»

ጫጫታው አለቃውን ከቢሮ አስወጣው። ነገሩን ሰማና «ይለካ» አለ። ግራው አለፈ። ቀኙ ወደ መሬት ተደፍቶ ሲገኝ የወጣቱ ፊት ፈካ፤ አለቃው ግን «ይሄ አቅጣጫው ነው፤ የብርሃን ጉድለት አይደለም» ብሎ ከኋላ ያለችውን ብሎን በመፍቻ ዞር አደረጋት። እንደገና ተለካ። አለፈ።

«ማን ሠራልሽ?» አላት አለቃው።

ሁለት እጆቿን በመስኮቱ አወጣችና አሳየችው።

ወንድሟ ሁለት ወር አኮረፈ። አሁን መጥቶ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፤ ስለ መብራቱ ግን አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም፤ እሷም አታነሳበትም። ቀቢው ቅቡ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በላይ እንደማይዘልቅ ነግሯት ነበር። ይህን የሰማች ጎረቤት «ታዲያ ተመልሶ ሊደበዝዝ ያን ሁሉ ምን አለፋሽ?» ብትላት፣ አማቷን ደግፋ ጋቢና እያስገባች ነበርና ቀና ሳትል መለሰችላት።

«ይደብዝዛ! እኔም መልሼ እፈትገዋለሁ።»

ወንበሩን አጥፋ ከኋላ ጫነችና ወደ ሆስፒታል ነዳች።