ጅራቱን ሲጠይቀኝ

ይህ የሆነው አምና በጥር ወር ነው። ብዙ ነገር ቶሎ እረሳለሁ፤ ይህን ግን ባጃጄን ወደ ሐርላ ባዞርኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ጋሽ ሙሳ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ጎረቤታችን ነው። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ አሞራ ሲያይ የኖረ ሰው። ንስር፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ በገዛ ዓይኑ ያየውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሳያየው የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ አጥንት ይዞ ሰማይ ወጥቶ ዓለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ። በዚያ ላይ ዓይኑ እየደከመ ነበር። ሐኪሙ የቀረችው ብርሃን ብዙ እንደማትቆይ ነግሮታል።

"ያንተ ዓይን ስለታም ነው፤ ቀድመህ አይተህ አሳየኝ" ብሎ ለመነኝ። ሦስት እሑድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የሐርላ ገደል ወሰድኩት። መንገዱን ሙሉ ስለ አሞራው ያወራልኛል። እኔ በልቤ ግጥም ስለምደረድር አልሰማውም።

በአራተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከተማ ውስጥ የግጥም ዝግጅት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ላነብ ነው። ጠዋት ሐርላ ሄደን፣ ጋሽ ሙሳ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ ሰባት ሰዓት ሆነ።

"ጋሽ ሙሳ፣ ይሄ አሞራ አንተን ነው የሚሸሸው" አልኩት።

"ዝም በል አቦ፣ ይሰማሃል!"

ያኔ አንድ ጭላት በገደሉ አናት አለፈ። ጭላት መሆኑን ደህና አድርጌ አይቻለሁ።

"ያውልህ! እሱ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ብድግ አለ። መነጽሩን አነሳ። "የት? የቱ ጋ ነው አቦ?"

"ከገደሉ በላይ... አለፈ፣ ወደ ማዶ ወረደ።"

"ጅራቱስ?"

"እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ክብ!"

መነጽሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ክዳኑን ገጠመበትና "በል እንሂድ፤ ግጥምህ እንዳይረፍድብህ" አለኝ። ስለ አሞራው ሌላ ያልጠየቀኝ ደስታው አፉን ይዞት መስሎኝ ነበር። በዚያን ቀን መድረኩ ላይ ብዙ ተጨበጨበልኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐርላ ውሰደኝ ብሎኝ አያውቅም። ክረምቱ ሳይወጣ ዓይኑ ጨርሶ ጠፋ።

ከጥቂት ወራት በፊት ደብተሩን እንዳነብለት አስጠራኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያን አሞራ በእርሳስ ሥሎታል። ጅራቱ እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው። ፊቴ ጋለ። ቢሆንም ማንበቤን ቀጠልኩ። አንድ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ድምፄ ተቋረጠ።

"ሐርላ። አላየሁም። ልጁ ቸኩሏል፤ ከእንግዲህ አላስቸግረውም" ይላል።

"ሐርላ ደረስክ?" አለኝ።

"ደረስኩ።"

"እለፈው አቦ።"

ገለጥኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ገጽ ነበር።

የዚያን ቀን ካነበብኩት ግጥም ዛሬ አንድ ስንኝ አላስታውስም። ይቅርታም አልጠየቅኩትም፤ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እሑድ እሑድ ብቻዬን ሐርላ እየሄድኩ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። አሞራውን ባየው ሮጬ የምነግረው ለሱ ነው። ያምነኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።