ሚታው ላይ ማን ሞተ?

በነፃ የሚሰጥ ሰው አላምንም። አሁንም አላምንም። ያኔ ደሞ እኛ ሐበሾች የሰጠነውን ደም ሆስፒታሎቹ ወስደው እንደሚደፉት በሬድዮ የሰማንበት ሰሞን ነበር። እና እታች ያለችው ሩማንያዊት አሮጊት «ለሚወለደው ልጅ አልጋ አለኝ፣ ውሰዱት» ስትለኝ፣ በአፌ በእብራይስጥ ቶዳ፣ አመሰግናለሁ፣ አልኩ፣ በሆዴ ግን «ምን ቢኖርበት ነው?» አልኩ።

ቤት ኤሊዔዘር የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው፣ እኔና ሚስቴ ከእናቴ ጋር፣ ሦስተኛ ፎቅ። አሮጊቷ ምድር ቤት ብቻዋን ናት። ሚስቴ ሆዷ ገፍቶ ደረጃውን እያረፈች ነበር የምትወጣው። ሱቅ ሄደን አዲስ አልጋ ስንጠይቅ ሻጩ አልጋውን ትቶ የኛን ጫማ ሲያይ፣ እጇን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ያሮጊቷን ከመውሰድ ሌላ መላ አልነበረኝም።

እንጨቱስ ደህና እንጨት ነው። አንድ እግሩ ተነቃንቋል፣ ሰማያዊ ቀለሙም ተላልጧል፣ በቃ። ልሸከመው ጎንበስ ስል አሮጊቷ ክንዴን አፈፍ አደረገችኝ።

«ወደ ላይ አይወጣም! ልጁ ሳይወለድ አልጋ ቤት አይገባም። ሚክላት አስቀምጠው።»

ሚክላት የብሎኩ ቦምብ መጠለያ ነው፤ ቦምብ በሌለ ጊዜ ብስክሌትና የሻገተ ፍራሽ ይጠለልበታል።

«ለምንድን ነው የማይገባው?»

«ካኻ» አለችኝ። እንዲያው ነው ማለቷ ነው። እኔና ካኻ ደሞ የቆየ ጠብ አለን። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ለምን ስል ካኻ፣ ለምን ስል ካኻ፤ በመጨረሻ ትምህርቱን ጥዬላቸው ወጣሁ። ለምን ወጣህ ሲሉኝ እኔም ካኻ አልኳቸው።

ጋን ሽሙኤል እርሻ ብርቱካን ስጭን ውዬ፣ ማታ ማታ ሚክላት እየገባሁ በብርጭቆ ወረቀት እፍቀዋለሁ። አሮጊቷ በር ላይ ትቆማለች። እስክጨርስ አትሄድም። እንዳልሸጠው ነው የምትጠብቀኝ እላለሁ። እግሩን በኮላ አጣብቄ፣ በብሎን ጠፍሬ፣ ሰማያዊውን ልጬ ስጨርስ ከሥሩ ሮዝ ቀለም ብቅ አለ። ሮዝ እንግዲህ የሴት ልጅ ነው። እሷ ግን ሁለት ወንዶች አሉኝ እያለች ነበር የምታወራው። ሴቲቱስ የት ሄደች?

ይህን እያሰብኩ ሳለ እናቴ ወረደች። አሮጊቷ መሄዷን አየት አድርጋ ጠጋ አለችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ተው ይህን እንጨት።»

«ምን ሆንሽ እማ?»

«ሴትዮዋ ደረጃ ላይ ይዛኝ ‹ያልዳ ሼሊ፣ ያልዳ ሼሊ› አለችኝ። ልጄ ማለት አይደል? ቀጥላ ሜታ፣ ሜታ። ሜታ ሞተች አይደለም? ለቅሶ ቤት የሚሉት?»

«አልጋም እኮ ሚታ ነው እማ። ሚታ ብላሽ ይሆናል።»

«ጆሮዬ ደህና ነው! ልጇ ሞታበታለች። እንዲያ ባይሆን አልጋ ቤት አይግባ ይባላል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅባት ነበር። ግን ሮዙ ቀለም ፊት ለፊቴ ነው፣ ያች ካኻም ጆሮዬ ውስጥ ናት። ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ እየቀባሁ ግን አልጋውን በጎሪጥ ነበር የማየው።

ሚስቴ ምጥ ይዟት ሆስፒታል አደረች፣ አርብ ጠዋት ተገላገለች። ሴት። በመስኮት አሳዩኝ፤ ጠቆር ያለች፣ ትንሽ፣ እጇን እንደ ተጣላ ሰው የጨበጠች። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሳስበው ሴት መሆኗ አስፈራኝ። ያም አልጋ የሴት ነበረ።

ሰፈር ስደርስ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው መኪና በድምፅ ማጉያው «አልቴ ዛኸን!» እያለ ይዞራል። ሚክላት ገባሁ፣ አልጋውን አንጠልጥዬ ወጣሁ። መሬት ላይ ትተኛ እንጂ እዚህ ላይ ልጄን አላስተኛም።

አሮጊቷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። «ምን ልታደርግ ነው?»

ጮህኩባት፦ «ሚ ሜታ ባሚታ?» ሚታው ላይ ማን ሞተች? ማለቴ ነው።

እሷ የሰማችው ግን ሜታ የሚለውን ብቻ ነው። ሚስቴ ሆስፒታል መሆኗን ታውቃለች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ሜታ? ልጅቷ? ሜታ?» ብላ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

ከሦስተኛ ፎቅ እናቴ ሜታ ሲባል ሰማች። «ዋይ ልጄን! ዋይ!» ደረቷን እየመታች ወረደች። ጎረቤቱ በየመስኮቱ ወጣ። ሁለቱ ሲያለቅሱ እኔም ለአፍታ ተጠራጠርኩ፤ ከሆስፒታል ደውለው ይሆን እንዴ?

ባለመኪናው ጡሩምባውን ነፋ። «ትሸጣላችሁ ወይስ ታለቅሳላችሁ?»

«ልጄ ደህና ናት! ማንም አልሞተም!» አልኩ። «ያንቺ ናት ወይ የሞተችው? ከነጩ ሥር ያለው ሮዝ የማን ነው?»

አሮጊቷ ቀና አለች። «የኔ ልጅ? ሃይፋ ናት! ባለፈው ወር ወለደች። ያንቺ የነበረው ሚታ ይኸው ብላት አሮጌ አልፈልግም አለች፤ ተቀይሜያት ነው ወንዶቹን ብቻ የማወራው። ያልዳ ሼሊ ሚታዋን ጠላች ብዬ ነው ለእናትህ የነገርኳት።» ሁለት እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኛች፣ እናቴ እንድታይ። «ሚታ!»

«ታዲያ ቤት አይግባ ያልሽውስ?»

«ዓይን ሃራ ነዋ! ልጁ ሳይመጣ አልጋው ከታየ ዓይን ይበላዋል።»

እናቴ እንባዋን ጠረገች። «ዓይን አለች? እሱንማ ሰማሁ። ምነው ቀድማ ዓይን ብትለኝ!»

እኔ ግን አልበረደልኝም። «እና ልጅሽ የናቀችውን ነው ለኛ የሰጠሽን?»

«ዝም በል!» አለች እናቴ። «የሞተ ፈልገህ ብታጣ ደሞ ሌላ ልትፈልግ? አንሣው፣ ወደ ላይ!»

አነሣሁት። ባለመኪናው ሰድቦኝ ሄደ።

ልጄ ከሆስፒታል ቤት ስትገባ አልጋው ላይ አልተኛም አለች። ገና ጀርባዋ ሲነካው ትጮሃለች። እናቴ ደረቷ ላይ አድርጋ ስታወዛውዛት ነበር የምትተኛው። አንድ ቀን የአሮጊቷን ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሰማን። «መጣች፣ መጣች» አለች ሚስቴ። እናቴ ልጅቷን ፈጥና አልጋው ላይ አጋደመቻት። እኔ ትጮሃለች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልጮኸችም፤ እንቅልፍ ላይ ነበረች።

አሮጊቷ ገብታ የአልጋውን ዘንግ ያዘች። ልጄን አየቻት፣ ቀለሙን በጣቷ ዳበሰች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ! እናቴም ይኼኔማ አልቀርም ብላ በዚያኛው በኩል እንትፍ! እንትፍ!

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩ። «ልጄ ላይ ትተፋላችሁ?»

«ለዓይን ነው» አለች እናቴ በአማርኛ።

«ለዓይን» አለች አሮጊቷ በእብራይስጥ።

እየተነጫነጭኩ ዘንጉን በእጅጌዬ ጠረግሁት። ልጅቷ ግን ቅንድቧን እንኳ ሳታነቃንቅ ተኛች።